የሶስናን ከረሜላ የበላሁት እኔ ነኝ

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ጊዜ ስለ ሰጣችሁኝ ጌታ ይባርካችሁ። ጌታ በቤቴ ያደረገውን ልናገር ነው የቆምኩት። ግን ከዚያ በፊት ማቃናት ያለብኝ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት እዚሁ ቦታ ላይ ቆሜ "ጌታ ከጣፋጭ ነጻ አውጥቶኛል" ብዬ መስክሬ ነበር። አጨበጨባችሁልኝ። አንዳንድ እህቶች ቤቴ ድረስ መጥታችሁ "እስቲ እንዴት እንደሆነ ንገሪን" ብላችሁኛል። ያ ምስክርነት ውሸት ነበር። የዚያን ቀን እንኳ ሁለት ከረሜላ በልቼ፣ አፌን ተጉመጥምጬ ነው የመጣሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ።

አዲስ የሆናችሁ አታውቁኝም። ታደለች እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። መዘምራኑ የለበሱት የኔ ስፌት ነው። ባለቤቴ ኤርሱሞ ቦኖሻ ከተማ ያስተምራል፤ ዓርብ ይመጣል፣ ሰኞ ጠዋት ይመለሳል። አንድ ልጅ አለችን፣ ሶስና፤ ያቻትላችሁ፣ እዚያ ጋ የተቀመጠችው። አስራ አንደኛ ክፍል ናት። ይህን ሁሉ እንድናገር የፈቀደችልኝ እሷ ናት።

ሶስና ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የስኳር ሕመም አለባት። በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። መጀመሪያ የታመመች ጊዜ ሆስፒታል አስተኝተናት አጠገቧ ተቀምጬ ስከርም፣ ሊጠይቁን የሚመጡ ሰዎች ብስኩትና ለስላሳ ይዘው ይመጡ ነበር። ለሷ አይሆንም፤ እንዳይጣል እኔ እበላዋለሁ። ፍርሃቴ ትንሽ ጋብ ይልልኝ ነበር። እዚያ ነው የጀመረኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ በደነገጠ ቁጥር እጄ ጣፋጭ ይፈልጋል። የታመመ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ልብ የማይደነግጥበት ቀን የለም።

በስድስት ዓመት ውስጥ ወፈርኩ። ሥራዬ የሰው ወገብ መለካት ነው፤ የራሴን መለካት ግን ተውኩ። ጉልበቴን እያመመኝ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቃተኝ፣ ከወንበር ስነሳ ጠረጴዛ መያዝ ጀመርኩ። አንድ ቀን ሶስናን ለክትትል ስወስዳት ሐኪሟ እኔንም መረመረችኝ። ወጣት ሴት ናት፣ ሲበዛ ረጋ ያለች። ውጤቱን አይታ፣

"እናት፣ የልጅሽ ሕመም በማንም ጥፋት የመጣ አይደለም፤ አንቺ ጋ እየመጣ ያለው ግን ሌላው የስኳር ዓይነት ነው፣ ገና ጠርዝ ላይ ነሽ" አለችኝ። "ክብደትሽን ከቀነስሽ፣ ጣፋጩን ከተውሽ ልትመልሺው ትችያለሽ። ካልሆነ ሁለታችሁም አንድ ቤት ውስጥ መርፌ ልትወጉ ነው።"

ሶስና ስንወጣ ክንዴን ይዛ "እማዬ፣ እኔ አግዝሻለሁ" አለችኝ። ያኔ አስራ አምስት ዓመቷ ነው።

ቤት ገብቼ አዋጅ አወጣሁ። ስኳሩን፣ ማሩን፣ ያለውን ብስኩት ሁሉ ሰብስቤ ለጎረቤቴ ለዘይነባ ሰጠኋት። ዘይነባ የወራቤ ልጅ ናት፣ ከባሏ ጋር ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው። "ይሄን ሁሉ ምን ላድርገው?" አለችኝ። "ሽጪው፣ ስጪው፣ ቤቴ እንዳይገባ ብቻ" አልኳት። ኤርሱሞ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረመም።

ቤታችን ውስጥ የቀረ ጣፋጭ አንድ ብቻ ነበር። በሶስና አልጋ ራስጌ ላይ ያለ የቆርቆሮ ጣሳ። መርፌ የሚወጋ ሰው አንዳንዴ ስኳሩ በድንገት ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎ ጣፋጭ ካላገኘ ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ሐኪሟ "ይህ ጣሳ አንድም ቀን ባዶ እንዳይሆን" ብላን ነበር። ውስጡ ከረሜላ እንሞላለን። የመድኃኒት ያህል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቻልኩ። ቁርስ ተውኩ፣ እራት ተውኩ፣ ጎመን ብቻ እየበላሁ ስሰፋ እውላለሁ። ሰዎች "ቀነስሽ" አሉኝ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሶስና ትምህርት ቤት ናት፣ ጨርቅ እየቆረጥኩ ሳለሁ ፍላጎቱ መጣ። መጣ ስላችሁ ምን እንደሆነ የማታውቁ ትስቁብኝ ይሆናል። መቀሱን አስቀመጥኩ። ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ተነስቼ ልጄ ክፍል ገባሁ፣ ጣሳውን ከፈትኩ፣ አንድ ከረሜላ በላሁ። ቆሜ ነው የበላሁት። ከዚያ ሌላ። ከዚያ የአልጋ ልብሷን አስተካክዬ፣ ጣሳውን ወደ ቦታው መልሼ ወጣሁ።

በማግስቱ ገዝቼ ተካሁ። ከዚያ በኋላ ግን መብላትና መተካት ሆነ ሕይወቴ። ወረቀቱን ከጨርቅ ቁርጥራጭ ጋር ጆንያ ውስጥ እቀብረዋለሁ። ከዘይነባ ሱቅ እንዳልገዛ ታውቀኛለች፤ ስለዚህ ጉልበቴን እያመመኝ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ እገዛለሁ። አንድ ጊዜ ከሱቁ ስወጣ አንዲት እህት አገኘችኝና "ለሶስና ነው?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ከዚያ በኋላ ያቺ ቃል ቀለለችኝ። ለሶስና ነው፤ ሁሌ ለሶስና ነው።

ወገኖቼ፣ አልጸለይኩም እንዳትሉ። ከእህቶች ኅብረት ጋር የጾም ጸሎት እመራ ነበር። ሦስት ቀን እንጾማለን፣ አለቅሳለሁ፣ ጉንጬ ውስጥ ግን ከረሜላ የያዝኩባቸው ሰዓቶች ነበሩ። የሚያገለግሉ ወንድሞች እጅ ጭነውብኛል። "አሁን ቀለለሽ?" ይሉኛል፣ "ቀለለኝ" እላለሁ። የተናገርኩት ያ ምስክርነት የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ያልሆነውን ከተናገርኩት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አልሆነም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ የምናገርበት ሰው አጣሁ። ነጻ ወጣሁ ያለች ሴት "አልወጣሁም" ብላ ለማን ትናገራለች?

ክብደቴ የወረደው ተመለሰ፣ ጨምሮም መጣ። መጨረሻ ላይ መጸለዩን ተውኩት። ቤተ ክርስቲያን እመጣለሁ፣ እዘምራለሁ፣ በውስጤ ግን ዝም አልኩ። ጌታ እኔን መስማት የሰለቸው መሰለኝ። እኔም ራሴን መስማት ሰልችቶኝ ነበር። ስኳሩ ይያዘኝ፣ ይግደለኝ፣ ይለይለት ብዬ የተውኩበት ጊዜ ነበር። መተካቱንም እያዘገየሁ መጣሁ። ነገ፣ እላለሁ። ከነገ ወዲያ።

አንድ ቅዳሜ ለሠርግ የሚሰፋ ልብስ ልለካ ጃጁራ ሄድኩ። ኤርሱሞ ዓርብ ሳይመጣ ቀርቶ ነበር፣ የፈተና ወረቀት ያርም ነበር። ሶስና ብቻዋን ናት። የመጨረሻዎቹን አራት ከረሜላዎች በዚያው ጠዋት በላኋቸው። ስመለስ እገዛለሁ ብዬ ነው። በሩ ላይ "ምሳሽን በደንብ ብዪ" አልኳት።

የሙሽራዋን እናት እየለካሁ ስልኬ ጮኸ። ዘይነባ ናት።

"የሶስና እናት፣ አትደንግጪ፣ ሆስፒታል ነን" አለችኝ። "ቀሚሴን ልወስድ ገብቼ ነው ያገኘኋት። ልብስ ስታጥብ ነበር፣ ሳፋው ሥር ወድቃለች።"

"ከረሜላ ሰጠሻት?"

"ቤታችሁ ምንም የለም እኮ። ጣሳው አጠገቧ ተከፍቶ ነበር፣ ባዶ ነው። ጓዳ ገባሁ፣ ስኳር የለም። ሮጬ ከሱቅ ማር አምጥቼ ድዷን ቀባኋት። ባለቤቴ ባጃጅ ጠራ። አሁን ግሉኮስ ተደርጎላታል። ዓይኗን ገና አልገለጠችም።"

ከጃጁራ እስከ ሆሳዕና ያለው መንገድ ረጅም አይደለም። ለኔ ግን አላልቅ አለኝ። ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተጨናንቄ ተቀምጫለሁ፣ አንዲት ሴት ዶሮዋን አቅፋ ስለ ገበያው ታጫውተኛለች። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ ተንቀጥቅጣ፣ አልቧት፣ ሳትወድቅ ሄዳ ጣሳውን አምጥታለች። ማድረግ ያለባትን አድርጋለች። ከፍታ ስታየው ባዶ ነው። ያን ጊዜ ምን አሰበች? መጸለይ ፈለግሁ። በምን ፊቴ? "ልጄን አድንልኝ" ልል ነው፤ ከማን? ከኔ።

ስደርስ ዓይኗን ገልጣ ነበር። ስሙ የተባረከ ይሁን። ፊቷ ነጭ ሆኗል፣ ግን እማዬ አለችኝ። ኤርሱሞም ወዲያው ከቦኖሻ ደረሰ። ያች ሐኪም መጥታ፣

"ማሩን ድዷ ላይ ያደረገች ጎበዝ ናት፣ ጊዜ ሰጥታታለች" አለች። "ግን ለምንድነው ጣሳው ባዶ የሆነው? ነግሬአችሁ ነበር።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እናት ናት የምትሞላው። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ያን ጊዜ የተናገርኩትን መናገር ከሁሉ ይከብደኛል። "ሶስና በልታው ሳትነግረን ቀርታ ይሆናል" አልኩ።

ኤርሱሞ ወደ ልጁ ዞረ። ሰውዬው ተናዶ ሳይሆን ደንግጦ ነው። "እንዴት አትናገሪም፣ ልጄ? ብትሞቺስ?"

ሶስና አየችኝ። ከዚያ "ይቅርታ አባዬ" አለችው።

ዘይነባ ለሷ የገዛችው ለስላሳ ግማሹ ተርፎ መስኮቱ ላይ ነበር። ኤርሱሞ መድኃኒት ሊያመጣ ወጣ፣ ሶስና ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ያን ጠርሙስ አንስቼ ጠጣሁት። የልጄ ክንድ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ አጠገቧ ቆሜ፣ እስከ ታች ድረስ ጠጣሁት። ስጨርስ "ከዚህ በታች የምወርድበት የለም" አልኩ በልቤ። ከራሴ ምንም ነገር መጠበቅ አቆምኩ።

እሑድ ወጣን። ቤት ውስጥ ማንም ስለ ጣሳው አላነሳም። ኤርሱሞ አዲስ ከረሜላ ገዝቶ ሞላውና ሰኞ ወደ ሥራው ሄደ። ሶስናም ትምህርት ቤት ሄደች። እኔ ዘይነባን ላመሰግን ወደ ሱቁ ተሻገርኩ። እጇን ስሜ ላለቅስ ስል ከመደርደሪያው ሥር አንድ ፌስታል አወጣች። ከረሜላ ነው።

"ሶስና ናት ያስቀመጠችው" አለች። "ጠዋት ከጣሳው ግማሹን አምጥታ 'ዘይነባዬ፣ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ' አለችኝ። ቤታችሁ እያለ ለምን እዚህ አልኳት። ቦርሳዋን አንግታ ሄደች። ልጅቷን አላስጨነቅኳትም። አንቺ ግን ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር።"

እዚያው የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ለመጋቢው ያልተናገርኩትን፣ ለባሌ ያልተናገርኩትን፣ ለዘይነባ ተናገርኩ። እኔ ነኝ የበላሁት አልኳት። ሆስፒታልም የዋሸሁት እኔ ነኝ። ደንበኛ ሲገባ "ትንሽ ቆይ" እያለች ሁሉን ሰማችኝ። ስጨርስ አልመከረችኝም፣ አላጽናናችኝምም።

"ለኔ ምን ያደርግልኛል" አለች። "ልጅሽ ስምንት ሰዓት ትመጣለች። ለሷ ንገሪያት።"

ያን ቀን እስከ ስምንት ሰዓት አንድም ስፌት አልሰፋሁም። ሶስና ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ "ቁጭ በይ" አልኳትና ተናገርኩ። አላሳጠርኩትም። የለስላሳውንም ነገርኳት።

"አውቅ ነበር" አለችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው። ወረቀቱን ጆንያው ውስጥ አየሁት። ሲጎድል እኔም አንዳንዴ እሞላው ነበር። ቅዳሜ ግን ማየት ረሳሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"በቤተ ክርስቲያን ቆመሽ መስክረሻል። እንድታፍሪ አልፈለግሁም።"

የምጠብቃት እኔ መሆን ነበረብኝ፤ እሷ ስትጠብቀኝ ኖራለች። ወለሉ ላይ ወደቅሁ። እግሯን ልይዝ ስል እሷም ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች፣ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች። "እንጸልይ" አለችኝ። "እኔ መጸለይ አልችልም" አልኳት። "እሺ፣ እኔ ልጸልይ" አለች። አያቷ በልጅነቷ እንዳስተማረቻት በሀዲይኛ ጸለየች። ጸሎቷ አጭር ነው። ጌታ ሆይ፣ እናቴን አትጣላት፤ እኔ አልተጣላኋትም፣ አለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ወገኖቼ፣ መብረቅ አልወረደም። ሰውነቴን የነዘረኝ ነገር የለም። ግን ለብዙ ወራት ዝም ያልኩት ጌታ እዚያ ወለል ላይ እኛ ጋ መኖሩን አወቅሁ። መኖሩን የተረዳሁት ነጻ ስወጣ ሳይሆን የመጨረሻው ዝቅታዬ ላይ ሆኜ ነው። ሳልጠራው መጥቶ ነበር። ዘይነባን ቀሚሷን ልትወስድ በዚያ ሰዓት ያመጣት ማን ነው? ጌታ ይመስገን።

ለኤርሱሞ ዓርብ ሲመጣ ነገርኩት። ተነስቶ ወጣ፣ አስፋልቱን ይዞ ሲመላለስ በመስኮት አየሁት። ተመልሶ መጀመሪያ ያናገረው ሶስናን ነው፤ "ልጄ፣ ያለጥፋትሽ ተናገርኩሽ፣ ይቅር በይኝ" አላት። ከኔ ጋር እንደ ቀድሞው ለመነጋገር ሳምንታት ፈጅቶበታል። አልፈርድበትም።

ሐኪሟ ጋም ተመልሼ እውነቱን ነገርኳት። "በረሀብ ነው ራስሽን የምትጥይው" አለችኝ። "ቁርስሽን አትተዪ። እንቁላል፣ ባቄላ፣ አይብ በጎመን ብዪ። ሙሉ ቀን የጾመ ሆድ ከሰዓት በኋላ ጣፋጭ ቢያሳድድ ምን ይገርማል። ፍላጎቱ ሲመጣ ደግሞ ብቻሽን አትሁኚ፤ ውጪና ሂጂ፣ ከሰው ጋር አውሪ፣ ያልፋል።" አሁን ቁርሴን እበላለሁ። ሲመጣብኝ "መጣብኝ" ብዬ ለሶስና እናገራለሁ፤ እሷ ከሌለች ለዘይነባ። አብረን እስከ ዳገቱ ድረስ ሄደን እንመለሳለን። ብዙ ጊዜ ያልፋል። አንዳንዴ አያልፍም።

እንደ ባለፈው አልዋሻችሁም። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ወድቄያለሁ። አንዱ ባለፈው ሐሙስ ነው፣ አንድ ፓኮ ብስኩት። ክብደቴ የቀነሰው ጥቂት ነው፤ ጉልበቴ ግን የስፌት መኪናውን መርገጥ ጀምሯል። ስኳሬ አሁንም ጠርዙ ላይ ነው፣ አልገባም፣ አልወጣም። ፍላጎቱ አልሞተም፤ እዚህ ቆሜ ስናገር እንኳ ይሰማኛል። ተስፋ የምቆርጥባቸው ጠዋቶች አሉ፤ ጥቂትም አይደሉም። የተለወጠው ነገር አንድ ነው። በወደቅሁ ቀን ልጄ ከአፌ ትሰማለች፤ ጌታም ይሰማል፤ ሁለቱም ሰምተው አልሄዱም። ስለዚህ አመሰግነዋለሁ። ልጄ በሕይወት አለች፣ አመሰግነዋለሁ።

በመካከላችን እንደ እኔ በአደባባይ ነጻ ወጥቶ በጓዳው የታሰረ ሰው ይኖር ይሆናል። ጣፋጭ ላይሆን ይችላል፣ ምን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። ጌታን እስክትሻሉ አታስጠብቁት፤ እንደሆናችሁት ሆናችሁ እመኑት፤ ከቤታችሁም ለአንድ ሰው ዛሬውኑ ንገሩ። የምትነግሩት ሰው ካጣችሁ፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ እኔና ሶስና እዚያ መጨረሻ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። አንቸኩልም፤ እስክትመጡ እንጠብቃለን።